ሆማ አለኝ

እማዬ በየማታው ከሞተው ወንድሜ ጋር እንደምታወራ ሰፈራችን ውስጥ የማያውቅ የለም። ወሬ ከተባለ ነው እንግዲህ። እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ አንዲት ቃል ይመልሳል፣ እሷ «ተመስገን» ብላ ነጠላዋን ታስተካክልና ወደ ቤት ትገባለች። ከዚያ እራት እንበላለን።

ቦታው ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችው ሰርቪስ ክፍል ናት። ሮብሳን ጢም ማብቀል ከጀመረ አንስቶ መቱን ለቅቆ እስኪሄድ ድረስ እዚያ ነበር የሚያድረው። ፍራሹ ዛሬም ተጠቅልሎ ግድግዳውን ተደግፏል። ከሄደበት ደሴት መጀመሪያ የላከልን ቅርንፉድ በጨርቅ እንደተቋጠረ መደርደሪያው ላይ ነው። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር፣ እማዬ ዱካዋን ይዛ ትሄድና ከተዘጋው በር አጠገብ ትቀመጣለች። በሩን አትከፍተውም።

«ልጄ፣ ምን ሆንክብኝ?» ትላለች።

ከዚያ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። እኔ ከማድ ቤቱ በር ሆኜ አያታለሁ። የምሰማው ዝናብ ብቻ ነው። አልፎ አልፎ የቅርንፉዱ ሽታ ይመጣል፤ ለሱም ምክንያት አለው፣ እርጥበት ሲገባው ይሸታል። ይህንን ለራሴ በየማታው እነግረዋለሁ።

«ምን አለሽ?» እላታለሁ ስትመለስ። አንዳንድ ቀን ለማሾፍ ነው፣ አንዳንድ ቀን ግን ከልቤ።

«ሆማ አለኝ» ትለኛለች። ፊቷ ላይ እረፍት ይታያል።

ኦሮምኛ ለማይሰማ ሰው ልናገርና፣ ሆማ ማለት «ምንም» ማለት ነው። «ሆማ ሚቲ» ካሉ ምንም አይደለም፣ አትጨነቁ ነው ነገሩ። አባታችን ጎንፋ የዳሪሙ ሰው ነበር፤ ይህቺ ቃል ከአፉ አትለይም። ጣራው ሲያፈስ ሆማ። ደመወዙ ሲዘገይ ሆማ። የእማዬ ወላጆች ከጎጃም መጥተው ጎሬ የከተሙ ነጋዴዎች ስለነበሩ ቤታችን ውስጥ የምናወራው አማርኛ ነው፤ ያቺ ቃል ግን ከአባዬ ወጥታ የሁላችንም ሆናለች። ጨጓራው ሊገድለው በደረሰበት ሰሞን እንኳ «ምን ይሰማሃል?» ሲሉት «ሆማ» ይል ነበር። እኔ በዚህ ጠባዩ እበሳጭ ነበር። ሮብሳን ግን ቁርጥ አባቱ ነው።

ስለዚህ ሮብሳን ለመጨረሻ ጊዜ የደወለ ዕለት እማዬ የሰማችውን ማመኗ አይገርምም።

ዛንዚባር የሄደው ሆቴል ውስጥ የቡና ማሽን ላይ ሊሠራ ነበር። «የኢሉባቦር ልጅ ቡና ለማፍላት ባሕር ይሻገራል?» እያለ በራሱ ይስቅ ነበር። ያን ዕለት እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ ማዘጋጃ ቤት። ኔትወርኩ ሲሄድ ሲመጣ ነው የዋለው። እማዬ ስልኩን ስታነሳ ድምፁ የደከመ መሰላትና «ልጄ፣ ምን ሆንክብኝ?» አለችው። «ሆማ» አላት። ሌላም ነገር ሊጨምር ጀምሮ ነበር፣ ተንጣጣና ጠፋ። እሷም ድምፅ በጠፋበት ስልክ ላይ «ተመስገን» አለች። ሳምንት ሳይሞላ የመሞቱን ዜና ሰማን። ወባ ነው አሉን። አስከሬኑን ማምጣት አልሆነልንም፣ እዚያው ቀበሩት። እኛ ሳጥን በሌለበት ድንኳን ጣልን፤ በፎቶው ፊት ተለቀሰ።

እማዬ ለልቅሶ ለመጣው ሁሉ የምትለው አንድ ነገር ነበር። «አባቱን ወጥቶብኝ ነው። እንዳልጨነቅ ብሎ ሆማ አለኝ።» ከዚያ ሐዘን ደግፎ ያነሳት ይሄ ነው። ልጇ እሳት ላይ ሆኖ እንኳ ለሷ አሰበላት። አርባው ካለፈ በኋላ ሰርቪሱ በር ላይ መቀመጥ ጀመረች። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሼ ዋቁማ ጠበል ውሰጃት አሉኝ።

«ምን አድርጋ?» አልኳቸው። «አልጮኸች፣ ልብሷን አልጣለች። ልጇ ደህና ነኝ እያላት ነው።»

ይህን የተናገርኩት በንዴት ነው፣ አምኜበት አይደለም። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ ግቢያችን መግባት አቆሙ። ጉዳይ ሲኖራቸው ከአጥር ውጭ ሆነው ነው የሚጠሩኝ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። በዚህ ግንቦት ሐሚስ ደወለ። ሐሚስ የደሴቱ ሰው ነው፣ የሆቴሉ ወጥ ሠሪ፣ ከሮብሳን ጋር አንድ ክፍል ይኖር የነበረ። የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ የኔም የሱም የተሰባበረ ስለሆነ እንግባባለን። ሥራ አግኝቶ በሐምሌ መጨረሻ ወደ ኦማን ሊሄድ መሆኑን ነገረኝ። ቀጥሎ ስለ መቃብሩ ነገረኝ። የእንጨቱ መስቀል በዝናብ በስብሶ ወድቋል፣ ከመቃብሩ ላይ ስም የለም፣ ቦታውን ለይቶ የሚያውቅ ከሱ በቀር ሰው የለም።

«ከመሄዴ በፊት ኑ» አለኝ። «እኔ ከሄድኩ ማን ያሳያችኋል?»

እኔ በሮብሳን ልቅሶ ላይ እንባ አልወጣኝም። ድንኳን ሳስተክል፣ ወንበር ሳስቆጥር፣ እንግዳ ስሸኝ ቆይቼ እንባው የት እንደገባ አላውቅም። መቃብሩ ጋ ብደርስ ይመጣ ይሆናል ብዬ አስብ ነበር። ስለዚህ ጉዞውን ከእማዬ ይልቅ የፈለግኩት እኔ ነኝ ብል አልዋሸሁም።

እማዬ እሺ አለች። እሺ ማለት ለሷ ቀላል ነው። ቲኬቱ ተቆረጠ፤ የያዮዋ አክስቴ ታማለችና ልጠይቃት አለች፣ ቲኬቱ ተራዘመ። የቲኬት ቢሮዋ ልጅ ከዚህ በኋላ ማራዘም እንደማይቻል ነገረችኝ። እኔም ሴትዮዋን አስሬም ቢሆን እወስዳታለሁ ብዬ ዝግጅቱን ተያያዝኩት።

ሰው ለዚያ ደሴት ሲዘጋጅ ምን ምን እንደሚያስፈልገው አሁን ብትጠይቁኝ በእንቅልፌም እመልሳለሁ። የቢጫ ወባ ክትባት ያስፈልጋል፣ ቢጫዋ ካርድ ከፓስፖርቱ ጋር ትያዛለች። ክትባቱ ከጉዞው ቀደም ብሎ መወጋት አለበትና ለፓስፖርቱ አዲስ አበባ በወጣን ጊዜ አስወግቻታለሁ። የወባ መከላከያ ክኒን አለ፤ እማዬ «እኔን? የመቱን ሴት?» ብላ ተቆጣች። ቻርጀር የሚሰካበት ሶኬታቸው ባለ ሦስት ጥርስ ነው። ሐሚስ ባሕሩ ዳር እሾህ ያለው ነገር እግር ይወጋልና ውሃ የማያበላሸው ጫማ ያዙ ስላለኝ ለሁለታችንም ኮንጎ ጫማ ገዛሁ። ሰዉ እስላም ነው፣ ሴት ትከሻዋንና ጉልበቷን ሸፍና ነው ከተማ የምትወጣው። ይህን ስነግራት እማዬ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ለኔ ነው ለራስሽ የምትነግሪው?» አለች። ጂንስ ሱሪ ነበር የለበስኩት።

ትልቁ ጠብ የተነሳው ግን በፌስታል ነው። አገሩ ፌስታል አያስገባም፣ ኤርፖርት ላይ ይቀማሉ። እማዬ ደግሞ ዕድሜ ልኳን ነገር ሁሉ በፌስታል ቋጥራ የኖረች ሰው ናት። በሶው በፌስታል፣ ቆሎው በፌስታል፣ ለሐሚስ ስጦታ የተባለው የያዮ ቡና በሁለት ፌስታል። አንድ በአንድ እየፈታሁ በጨርቅ ከረጢት ስቀይር እሷ ከኋላዬ መልሳ ታስራለች። ከዚያ ማሩ መጣ፣ አክስቴ የላከችው የጫካ ማር፣ በጣሳ። እጅ ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች።

«ፈሳሽ በእጅ ቦርሳ አይቻልም አልኩሽ እኮ።»

«ማር ፈሳሽ ነው?»

«ለነሱ ፈሳሽ ነው።»

«ውሃስ?»

«ውሃም አይቻልም። ፈሳሽ አይቻልም ማለት አይቻልም ነው።»

«ውሃ የሚከለክል ምን ዓይነት አገር ነው?» አለችና ማሩን አወጣች። ይህችን «ፈሳሽ አይቻልም» በቀን ስንቴ እንዳልኳት እኔም አላውቅም፤ በመጨረሻ ሳልጀምራት እየጨረሰችልኝ ትስቅብኝ ነበር።

ሐሚስ ደግሞ ለእማዬ በድምፅ መልእክት ቋንቋ ያስተምራታል። አንድ ቃል ይላል፣ ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ይጨምራል፣ እኔ አስተረጉማለሁ። ውሃ ማጂ ነው። እየመጣሁ ነው ለማለት ናኩጃ። ሻይ ቻይ፣ ሳሙና ሳቡኒ፣ ስኳር ሱካሪ። እማዬ ጉድ አለች። «የኛው እኮ ነው፣ አጣመው ነው እንጂ!» ቀብር እንኳ ካቡሪ ነው። ሰዓትን ሳ ይሉታል፣ ደስ የሚለው ደግሞ አቆጣጠራቸው ከኛ ጋር አንድ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት፣ ስትጠልቅም አሥራ ሁለት። ሐሚስ ማታ አሥራ ሁለት ላይ እደውላለሁ ካለ በሌላው ዓለም አቆጣጠር ማሰብ አያስፈልግም፣ የኛው አሥራ ሁለት ነው።

«ታዲያ ሮብሳንም እዚያ ሆኖ ሰዓቱን ያውቀዋላ» አለች እማዬ። ይህን ስትል በጠራራ ፀሐይ በረደኝ።

ልንሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን እንደገና ጀመራት። ሻንጣው ተዘግቶ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፣ እሷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን ታያለች።

«ገሊላ፣ ለምን በሚቀጥለው ዓመት አናደርገውም? ሐሚስ ለሌላ ሰው ያሳይልናል።»

«እማዬ፣ ተይ።»

«እሱ እንደሆነ ደህና ነው። ትናንትም ጠየቅኩት፣ ሆማ ነው ያለኝ። ምን ያስቸኩለናል? ማሎ፣ እባክሽ ተይኝ ትንሽ።»

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። መሄድ ፈርታ አይደለም። ወንድሜ እዚህ ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ደህና ነኝ እያላት እያለ እዚያ ሄዳ ከአፈር በታች መሆኑን ማየት አልፈለገችም። ደሜ ፈላ። ደግሞም አሳዘነችኝ። ትቻት ወጣሁ።

በማግስቱ፣ ነገ ጧት አውቶቡስ ልንይዝ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከቢሮ ወጥቼ ወደ ቤት ስሄድ የሐሚስ የድምፅ መልእክት ገባ። የመጨረሻ ማሳሰቢያ ነው፤ ኮፍያ ያዙ፣ አጎበር አያስፈልግም ሆቴሉ አለው፣ ውሃ የታሸገ ብቻ ጠጡ። ከዚያ እንዲህ አለ። «እናትሽን ሆማ ከያዛት ግን በዚያው ሰዓት ንገሩኝ። ምንም አይደለም ብላችሁ አትቀመጡ።»

መጀመሪያ የሳቅኩ መሰለኝ። ሐሚስ ከሮብሳን ተምሮ በኦሮምኛ የሚያሾፍ መስሎኝ ነበር። ከአንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ሥር ቆሜ ደወልኩለት።

«ሆማ ምንድን ነው?»

«ሆማ ነዋ። ሰውነት ሲግል። ወባም ሲጀምር ሆማ ነው።»

«በናንተ ቋንቋ?»

«በኛ ቋንቋ። ወንድምሽም የሚለው እንደዚያ ነበር። ክሊኒክ ሲሄድ፣ ሥራ ሲቀር፣ ሁሉም የሚጠይቀው ሆማ ነው ወይ ብሎ ነው፣ እሱም ለምዶት ነበር። ለእናቱም ነገራት እኮ። አጠገቡ ነበርኩ።»

ግድግዳውን ተደገፍኩ። ባጃጆች ጭቃ እየረጩ ያልፋሉ። ሐሚስ ሊያጽናናኝ መሰለኝ ቀጠለ፤ ባይቀጥል ይሻል ነበር።

«ስልኩን ሲያስቀምጥ ምን አለችህ አልኩት። ‹ተመስገን አለችኝ› አለ። ትርጉሙን ጠየቅኩት፣ ነገረኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የእናንተ ሰው በበሽታም ፈጣሪን ያመሰግናል ብዬ ገረመኝ። በማግስቱ ወደ ሐኪም ተሸክመን ስንወስደው ረፍዷል። መጨረሻ ላይ ውሃ ብቻ ነበር የሚጠይቀኝ።»

«ሐሚስ» አልኩት፣ «እናቴ ስትመጣ ይህን ቃል አትጥራባት። እባክህ።»

«እሺ፣ እኔ አልጠራም። ግን ሁሉም ሰው ይጠራዋል። ኤርፖርት በር ላይ የጤና ሠራተኛዋ የሚገባውን ሁሉ የምትጠይቀው እሱን ነው።»

ቤቴን አልፌ እስከ ታችኛው ድልድይ ድረስ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሜ ሄድኩ። እንድታስቡልኝ የምፈልገው ይህን ነው። እኛ የወባ አገር ሰዎች ነን። መቱ ውስጥ ልጅ ትኩሳት ያዘኝ ካለ እናት ጫማዋን ሳታደርግ ነው ወደ ጤና ጣቢያ የምትሮጠው። ያን ቃል በአማርኛ ብሏት ቢሆን፣ ወይም ኔትወርኩ አንድ ደቂቃ ቢታገሥ፣ እማዬ በዚያ ስልክ ውስጥ ትጮህ ነበር፣ አሁኑኑ ተነስ፣ ደምህን አስመርምር ትለው ነበር። እሷ የሰማችው ግን አባዬን ነው። ሮብሳን በደሴቱ ቃል ተናገረ፣ እናቱ በባሏ ቃል ሰማችው።

ሌላም ነገር መጣብኝ፣ እግሬን ያሰረኝ እሱ ነው። እማዬ በየማታው «ሆማ አለኝ» ትለኛለች። «ሆማ ብሎ ነገረኝ» ማለቷ ነው። ግን አማርኛው ሌላም ፍቺ አለው። ያው ቃል በታመመ ሰው አፍ ሲሆን ትኩሳት አለኝ፣ ይዞኛል ማለት ነው። እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ እራት ከማቅረባችን በፊት የወንድሜን ሕመም በወንድሜ አንደበት ስትነግረኝ ኖራለች፣ እኔም ሳህን እያቀራረብኩ እሰማ ነበር።

መጀመሪያ ልደብቃት ቆረጥኩ። በዚያች ቃል ነው ቆማ የምትሄደው፣ ብነጥቃት ትወድቃለች። ደግሞ የኤርፖርቷ ሴትዮ ትዝ አለችኝ። እማዬ ነጠላዋን ለብሳ፣ ቢጫ ካርዷን ይዛ በሰው አገር ተሰልፋ፣ አንዲት የማታውቃት ሴት ግንባሯ ላይ መለኪያ ደግና «ሆማ?» ትላታለች። ያኔ ማን ይይዛታል? ብንቀር ደግሞ መቃብሩ ይጠፋል፣ እሷም በዚያ በር ላይ እስክትሞት ድረስ ተመስገን እያለች ትኖራለች። ከእኔ ብትሰማው ይሻላል አልኩ። ይህን ብዬም ቶሎ አልገባሁም። ቤት ስደርስ ዝናቡ ጀምሯል፣ እማዬ ዱካዋ ላይ ተቀምጣለች።

እንደ ልማዴ ማድ ቤቱ በር ላይ አልቆምኩም። ሄጄ አጠገቧ፣ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አልኩ። ገረማት። ነጠላዋን ከፍታ ግማሹን ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ።

«ልጄ፣ ምን ሆንክብኝ?» አለች ወደ በሩ።

የቅርንፉዱ ሽታ መጣ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ነበር፣ አልቆመም፣ እንዲያው ከኛ ራቅ ያለ መሰለኝ። ከዚያ ሰማሁ። ከእንጨቱ በር ወዲያ፣ ዝቅ ካለ ቦታ፣ ከተኛ ሰው አፍ የወጣ የሚመስል፣ ከንፈሩ የደረቀ ድምፅ ነው። የሮብሳን ድምፅ ነው። የወንድሜን ድምፅ አጣዋለሁ?

«ሆማ» አለ።

እማዬ አፏን ከፈተች፣ «ተመስ—»

እጄን አፏ ላይ አደረግኩ። በሕይወቴ እናቴን እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

«ተመስገን አትበይው» አልኳት። «እማዬ፣ እንዳትዪው።»

እጄን ቀስ አድርጋ አነሳችና አየችኝ። ነገርኳት። ሐሚስ ያለኝን፣ ቃሉ እዚያ ምን ማለት እንደሆነ ነገርኳት። ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞሩንና ውሃ መጠየቁን ግን ዋጥኩት። ትጮሃለች ብዬ ትከሻዋን ልይዝ ተዘጋጅቼ ነበር፣ አልጮኸችም።

«ትኩሳት» አለች።

«አዎ።»

«ትኩሳት ያዘኝ ሲለኝ፣ እኔ እናቱ ተመስገን አልኩት።»

«አላወቅሽም እኮ እማዬ።»

«በየማታው ሲነግረኝ፣ እኔ ተመስገን እያልኩ እራቴን ልበላ ስገባ።» ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆየች። «ያን ቀን፣ በስልኩ፣ ሰምቶኛል?»

«አልሰማሽም» አልኳት። «መስመሩ ቀድሞ ተቆርጦ ነበር። ሐሚስ ነግሮኛል።»

ዋሸሁ። ነገም ብትጠይቀኝ እዋሻለሁ።

ተነሳች። ሁለት ዓመት ያልነካችውን እጀታ ይዛ በሩን ከፈተችው። ጨለማ ነው፤ ፍራሹ የተጠቀለለበት ጥግ አይታይም። ከውስጥ የወጣው አየር ሞቃት ነበር። በሐምሌ፣ በመቱ ዝናብ፣ ለዓመታት ከተዘጋ ክፍል የወጣው አየር የታመመ ሰው የተኛበት ክፍል አየር ነበር። ፈራሁ፣ ቀሚሷን ይዤ ወደ ኋላ ሳብኳት፣ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«ሮብሳን» አለች፤ እንደ ድሮው፣ ለትምህርት ቤት ስትቀሰቅሰው በምትጠራበት ድምፅ። «ልጄ፣ አልሰማሁህም ነበር። አሁን ሰማሁህ።» ከዚያ ወደኔ ሳትዞር፣ «ያቺ ቃል ምን ነበረች? እየመጣሁ ነው የሚሉባት» አለችኝ።

«ናኩጃ።»

«ናኩጃ» አለች ወደ ጨለማው። «ናኩጃ፣ ልጄ። ነገ ጧት እነሳለሁ። ናኩጃ።»

ዝናቡ ተመልሶ ቀረበ። አበቃ ብዬ መተንፈስ ጀምሬ ነበር። ያኔ ከጥጉ፣ ከበፊቱ በደከመ ድምፅ፣ ሌላ ቃል መጣ።

«ማጂ።»

እማዬ ትርጉሙን አልጠየቀችኝም። በዚያ ዕድሜዋ፣ በዚያ ጭቃ፣ እየሮጠች ወደ ቤት ገባች። ተከትያት ስደርስ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ እጅ ቦርሳዋን ዘርግፋለች። የዳዊት መጽሐፏን ቦርሳው ውስጥ መለሰች፣ ቢጫ ካርዷን መለሰች፣ የቀረውን ወለሉ ላይ ተወችው። የመጠጥ ውሃ ካለበት ጀሪካን በባዶ ሃይላንድ ቀዳች፣ እስከ አፉ ሞላችው፣ ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችና ቦርሳዋ ውስጥ አቆመችው። ዚፑን ዘግታ ቀና ስትል በር ላይ ቆሜ አየችኝ። የምለውን ጠበቀች።

አዲስ አበባ ኤርፖርት ላይ ውሃውን ይዛ እንደማያሳልፏት አውቃለሁ። ፈሳሽ አይቻልም አላልኳትም።

በማግስቱ ሳይነጋ መናኸሪያ ቀድማኝ ደረሰች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በሁለት እጇ አቅፋው፣ ሾፌሩን «ምነው አትነሳም?» ስትለው ሰማኋት።